አንገቱ ለተሰበረው የወለቃ አንበሳ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ዛሬ ነው ያየሁት። ልጅሽ ላቡቡ የሚባለው አሻንጉሊት ካልተገዛልኝ ብላ አስቸግራሻለች። አንቺ ደግሞ «ጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ መንደር የሸክላ ምስል አብረን እንሰብስብ» ብለሽ አንበሳ ገዛሽላት፤ በሳምንቱ አንገቱ ተቀነጠሰ። «ጥሩውን በምን ልለየው? ይሄ ነገር መጫወቻ ነው ወይስ ጥበብ?» ነው ያልሽው። ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ እነዚህን ምስሎች መሰብሰብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የማውቀውን ልንገርሽ።

አንገት የሚለቀው ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ለብቻው ተሠርቶ ሲለጠፍ ነው። መገናኛው በደንብ ካልተቧጠጠና ካልረጠበ ጭቃው አይዋሃድም። ስለዚህ ስትገዢ አንገቱን፣ ጅራቱንና እግሩን ብርሃን ላይ አገላብጠሽ እዪ። ፀጉር የምታክል መስመር ካለች ተዪው። ቀጥለሽ በጥፍርሽ ቆርቆር አድርጊው። ጥርት ያለ ድምፅ ካወጣ በደንብ ተተኩሷል። ድምፁ ከታፈነ ወይ ተሰንጥቋል፣ ወይ እሳት አልጠገበም። ጣትሽን አርጥበሽ ታቹን አሺው፤ ጭቃ ከያዘሽ አልበሰለም ማለት ነው። የኔ የመጀመሪያዋ፣ እንስራ የተሸከመች ሴት፣ እንዲህ ነበረች። መስኮት ላይ አስቀምጬያት ክረምት ላይ ዝናብ ገባባትና እግሯ ተመልሶ ጭቃ ሆነ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወለቃ ሩቅ አይደለም፤ ከጎንደር በደባርቅ መንገድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልጅሽን ይዘሻት ሂጂ። እኔ አንድ ጠዋት ከአንዲት እናት ጎን ተቀምጬ ዋልኩ። እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ አፈሩን ከተፈጨ ገል ጋር አቦኩት። የሸክላ ማሽከርከሪያ የለም፤ ሁሉም በእጅ ነው። የአንበሳውን ጎፈር በእሾህ ጫፍ፣ ጭረት በጭረት ሲያወጡ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር። ጥላ ላይ ቀናት ይደርቅና በኩበትና በጭራሮ ይተኮሳል። ጥቁሩ ደግሞ ቀለም አይደለም። እንደጋለ በገለባ ሲታፈን ጭሱ ይገባበታል። በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ስትጠርጊው ብዙ ጥቁር ከለቀቀ ተቀብቷል።

ሙያውን ያቆዩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ናቸው። ለዘመናት ጀበና፣ ድስትና ምጣድ ሠርተው አኖሩን፤ ምስሉ የበዛው ጎብኚ መምጣት ሲጀምር ነው። የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ፣ አንድ አልጋ ላይ የተኙት ሰሎሞንና ሳባ የነሱ ናቸው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላዊ በ36 ሰዓት ውስጥ ወደ እስራኤል ሄደ። ዛሬ ወለቃ ላይ የሚሠሩት በአብዛኛው ሙያውን የያዙ ጎረቤቶች ናቸው። «የጥንት የቤተ እስራኤል ሥራ ነው» ብሎ ዋጋ የሚሰቅልብሽን ቶሎ አትቀበዪው።

«ጥበብ ነው ወይ» ስትይ ግን ልቤን ነካሽው። አያቶቻችን በእነዚህ ሰዎች ጀበና ቡና እየጠጡ «ቡዳ» ይሏቸው ነበር። «ጠይብ» የሚለውን ቃል ስድብ አደረግነው እንጂ «ጠቢብ» ማለት ነው። አዎ፣ ጥበብ ነው።

ላቡቡንም አትከልክያት። እሱንም የፈጠረው ካሲንግ ላንግ የሚባል ሠዓሊ ነው። በሰኔ 2017 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ 131 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም አንድ ላቡቡ ከ1 ሚሊዮን ዩዋን በላይ በጨረታ ተሸጧል። ግን የቪኒል ፊቱ ከቅርጽ ማውጫ ነው የሚወጣው፤ አንዱ ከሌላው አይለይም። ወለቃ ላይ ሁለት አንድ ዓይነት አንበሳ ፈልጊ፣ አታገኚም። ስትገዢ የሠሩትን ሴት ስም ጠይቂ። ልጅሽ ስሙንና ቀኑን ወረቀት ላይ ትጻፍና ከምስሉ ጋር ይቀመጥ። የኔ ስብስብ ክብር ያገኘው ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ነው።

የተሰበረውን አትጣይው። በደረቅ ብሩሽ አቧራውን አራግፊ፣ ውኃ አታስነኪው፣ ማጣበቂያ ስስ አድርገሽ ቀብተሽ አንድ ቀን ሙሉ ሳትነኪው አቆዪው። ደግሞ ወለቃ ስትሄዱ ጋዜጣ ያዙ፤ እዚያ የሚሰጥሽ ፌስታል ብቻ ነው። ስትመለሱም ባጃጁ ስለሚንጥ ወንበር ላይ አታስቀምጪው፤ ልጅሽ ጭኗ ላይ ትያዘው።