የ1919ኙን መጽሐፍ እንደገና ለማሳተም ላሰቡት ጠያቂ

ከአያትዎ የወረሱት፣ በ1919 ዓ.ም. አዲስ አበባ የታተመ መጽሐፍ እንዳለዎት ገልጸው፣ እንደገና ለማሳተም ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነና ወደ የትኛው ማተሚያ ቤት መሄድ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔም ከጣልያን ወረራ በፊት ታትሞ ከገበያ የጠፋ አንድ የምክርና የግጥም መጽሐፍ እንደገና አሳትሜ ለአንባቢ አድርሻለሁ። ሁለቱም ጥያቄዎችዎ ተገቢ ናቸው፤ ገንዘቤንም ዕረፍቴንም የበላው ግን ከሁለቱ አንዱም አልነበረም። ስለዚህ እነርሱን በአጭሩ መልሼ፣ ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነገር ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ብቆይ ይታገሡኝ።

1. ፈቃድ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ መፈለግ ያለብዎት መጽሐፉ የታተመበትን ሳይሆን ደራሲው ያረፈበትን ዓመት ነው። ለምሳሌ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በስደት ሳሉ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ያረፉት በ1931 ዓ.ም. ስለሆነ የመጻሕፍታቸው የጥበቃ ዘመን ካለፈ ቆይቷል፤ በእርሳቸው ዘመን የጻፈ ነገር ግን እስከ 1970ዎቹ የኖረ ደራሲ ከሆነ መብቱ ዛሬም በወራሾቹ እጅ ነው። መጽሐፉን በመካከል ሌላ ሰው አሳትሞት ከሆነም፣ ያ ሰው የጨመረው መቅድምና የግርጌ ማስታወሻ የራሱ ድርሰት ስለሆነ፣ ከዚያ ቅጂ ሳይሆን ከመጀመሪያው ኅትመት ይነሡ።

እኔ ደራሲው ካረፉ ከ50 ዓመት በላይ መሆኑን በማስረጃ አረጋግጬ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ብሄድ፣ የተቀበሉኝ ባለሙያ የአዋጁን አንቀጽ ለማየት እንኳ ፈቃደኛ ሳይሆኑ «የወራሾች ስምምነት ካላመጡ አናነጋግርዎትም» ብለው ወረቀቴን በጠረጴዛው ላይ ገፍተው መለሱልኝ። ሕጉ የማይጠይቀውን ነገር ስለ ጠየቁኝ፣ ከዚያም በላይ ለአንድ አሮጌ መጽሐፍ የሚደክም ሰው እንደ ሌባ ስለ ተቆጠረ፣ እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል። አዋጁን አትመው በእጅዎ ይያዙ፤ አንቀጽ 20 ላይ ምልክት ያድርጉበት።

2. ሁለተኛ ቅጂ። ያለዎት መጽሐፍ ሙሉ ይመስልዎት ይሆናል፤ ሆኖም ሌላ ቅጂ አግኝተው ገጽ በገጽ ሳያመሳክሩ ምንም ሥራ አይጀምሩ። የዚያ ዘመን መጻሕፍት ጥራዛቸው ሲላላ መካከል ላይ ያሉ ቅጠሎች ይወድቃሉ፤ ባለቤቱም ሲያስጠርዘው ክፍተቱ ይዘጋና ዐይን አያየውም፤ የገጹን ቁጥር ተከትሎ የሚቆጥር ብቻ ያገኘዋል። የእኔ ቅጂ እንዲህ የጎደለ ነበር። ፍለጋዎን ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ከወመዘክርና ስድስት ኪሎ ካለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይጀምሩ። ስቲቨን ራይት እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጡት፣ ከጣልያን ወረራ በፊት በኢትዮጵያ የታተሙ መጻሕፍት ዝርዝር ስለ መጽሐፍዎ የመጀመሪያ መንገድ ይመራዎታል። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉትን የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎችም ይጠይቋቸው፤ ብዙዎቹ ያለፈ መጽሐፍ ለማን እንደ ሸጡ ያስታውሳሉ። በለንደንና በፓሪስ ቤተ መጻሕፍት ማውጫ ሲፈልጉ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ተመዝግቦ ሊሆን ስለሚችል የ7 ወይም የ8 ዓመቱን ልዩነት አይርሱ፤ አለዚያ በእጅዎ ያለውን ያንኑ ኅትመት ሌላ ኅትመት ነው ብለው ይደክማሉ።

3. ጽሕፈት። ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ቁጥሬን ትቼ ያጋጠመኝን እንዳለ እነግርዎታለሁ።

አሮጌውን ገጽ በፎቶግራፍ አንሥቶ እንዳለ ማተም ርካሽና ታማኝ መንገድ ነው። ነገር ግን ከእርሳስ ብረት በተሠራ ፊደል የታተመ መጽሐፍ የፊደሎቹ እግርና ቀለበት በብዙ ኅትመት ስላለቀ፣ ሉ ከሊ፣ ን ከኝ ለመለየት አንባቢው ዐይኑን ማድከም አለበት፤ ወጣት አንባቢም ሦስት ገጽ አንብቦ ይተወዋል። ፊደል የሚያነብ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለአማርኛም አለ፤ ሞክሬዋለሁ፤ በአዲስ ኅትመት ላይ ደኅና ይሠራል፣ በዘጠና ዓመት መጽሐፍ ላይ ግን ካዕቡን ከሣልሱ ያምታታል፣ በየቃሉ መካከል ያለውን ሁለት ነጥብም አንዳንዴ ይውጠዋል፣ አንዳንዴ ወደ ሌላ ምልክት ይለውጠዋል። ስለዚህ መጽሐፉን እንደ አዲስ በሰው እጅ ለማስጻፍ ወሰንኩና የጽሕፈትና የገጽ ቅንብር ሥራ ለሚሠራ አንድ ድርጅት ሰጠሁ። ከመጀመሪያው ቅጂ እንዳይወጡ በቃል ነገርኳቸው፤ የእርማት ወረቀቱንም ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ፈረምኩበት።

ከፈረምኩ በኋላ የድርጅቱ አርታኢ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የመጽሐፉን ፊደላት «ወጥ ለማድረግ» በኮምፒዩተር አንድ ትእዛዝ ሐንም ኀንም በሀ፣ ሠን በሰ፣ ፀን በጸ፣ ዐን በአ ተክቶ ፋይሉን ወደ ማተሚያ ቤት ላከው። 500 ቅጂ ታተመ። ደራሲው የቅኔ ሰው ነበሩ፤ ግጥሞቻቸው ሠረቀ ሲሉ መውጣትን፣ ሰረቀ ሲሉ ሌብነትን እያዩ፣ በፊደሉ ልዩነት ላይ ሰሙንና ወርቁን ያቆሙ ናቸው። በአዲሱ ኅትመት ያ ሁሉ ጠፋ። ድርጅቱን ብጠይቅ «ድምፁ አንድ ነው፤ አንባቢ አይለየውም» አሉኝ፤ ገንዘቤንም አልመለሱልኝም። በውሉ ላይ ስለ ፊደል አንድም ቃል ስላልነበረ ወደ ፍርድ ቤት የምሄድበት መሠረት አጣሁ። ከ500ው ቅጂ አንዱንም አልሸጥኩም፤ በደራሲው ስም የሐሰት መጽሐፍ ማሰራጨት ስለሚሆንብኝ።

ስለዚህ ውልዎ ውስጥ ይህ ዐረፍተ ነገር እንዳለ ይግባ፦ «አሠሪው በጽሑፍ ካልፈቀደ በቀር ከመጀመሪያው ኅትመት አንድ ፊደል ወይም ምልክት መለወጥ፣ መጨመር ወይም መቀነስ ክልክል ነው፤ ይህ ቢፈጸም ሠሪው የኅትመቱን ሙሉ ወጪ ይሸፍናል።» ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደውን የመጨረሻውን ፋይልም ድርጅቱ ሳይሆን እርስዎ ራስዎ ይዘውት ይሂዱ። ጽሑፉ በዩኒኮድ ፊደል እንዲጻፍም አስቀድመው ያስታውቁ። በአሮጌዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ ፋይል በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደላት ክምር ይሆናል፤ ወደ ዩኒኮድ ሲገለበጥም እንደ ቈ፣ ኰ፣ ጐ፣ ኈ ያሉት ይበላሻሉ፤ የዚያ ዘመን መጽሐፍ ደግሞ በእነዚህ የተሞላ ነው።

ሁለተኛውን ኅትመት የሠራሁት በቅኔ ቤት ካደጉ አንድ ጡረተኛ መምህር ጋር ነው። እርሳቸው አሮጌውን ይዘው ድምፅ አውጥተው ሲያነቡ እኔ አዲሱን በጣቴ እየተከተልኩ ነበር። ድምፁ ብቻ ስለማይለይ «ሐመሩ ሐ»፣ «ንጉሡ ሠ»፣ «ብዙኃኑ ኀ»፣ «ፀሐዩ ፀ» እያሉ ፊደሉን በስሙ ይጠሩልኝ ነበር። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ የሚሻል የማመሳከሪያ ዘዴ አላገኘሁም፤ የወጣው መጽሐፍም ከመጀመሪያው ፊደል ለቃሚ ግድፈት በቀር ስሕተት የለበትም ብዬ ደፍሬ እናገራለሁ። ግድፈቶቹንም ቢሆን በገጹ ውስጥ አላረምናቸውም፤ መጨረሻ ላይ ለብቻቸው ዘርዝረናቸዋል።

ለዛሬ አንባቢ ብዬ የለወጥኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቃላት መካከል ያለውን ሁለት ነጥብ በባዶ ቦታ ተክቻለሁ፤ ይህንንም በመግቢያው ላይ በግልጽ አስታውቄአለሁ። የግዕዙን ቁጥር እንዳለ ትቼ በግርጌ በተለመደው አኃዝ ጻፍኩት፤ የአሮጌውን ገጽ ቁጥር በኅዳግ አስቀመጥኩ፤ ለተረሱ ቃላትና ለማዕረግ ስሞች ከመጽሐፉ መጨረሻ መፍቻ ጨመርኩ። አጋፋሪና ሊጋባ ምን እንደ ነበሩ የማያውቅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጽሐፉን አንብቦ ደብዳቤ ጽፎልኛል፤ ይህን ስነግርዎት ደስታዬን አልደብቅም። ለወጣቶች ቋንቋውን አቅልለህ ጻፈው ያሉኝ ነበሩ። አልተቀበልኳቸውም፤ መፍቻ ከተሰጠው ወጣት አንባቢ ያነባል።

ወደ ወራሾቹ ልመለስ። ሕጉ ባያስገድድዎትም ይፈልጓቸው። ያ መሥሪያ ቤት ያለ አግባብ ባያስቸግረኝ ኖሮ እኔ አልፈልጋቸውም ነበር፤ የደራሲው የልጅ ልጅ ግን ሳገኛቸው በቤታቸው ያለውን ቅጂ አወጡልኝ። ደራሲው ራሳቸው በኅዳጉ ላይ በቀለም የጻፏቸው እርማቶች ነበሩበት፤ የእኔ ቅጂ የጎደለው ቅጠልም ነበረበት። ቅጂውን ከቤታቸው ሳያወጡ፣ መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ፣ በመስኮት ብርሃን በካሜራ አነሣሁት። እንዲህ ያለውን ጥራዝ በስካነር መስተዋት ላይ አስተኝቶ መጫን ጀርባውን ይሰብረዋል፤ ለእርስዎም ቅጂ እንዲሁ ያድርጉ።

ማተሚያ ቤትን በተመለከተ፣ ከ500 ቅጂ በታች ከሆነ ዲጂታል ኅትመት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ኦፍሴት ያዋጣዎታል። የዋጋ ማቅረቢያውን ከሦስት ቦታ ይሰብስቡ፤ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና በጽሑፍ ያስፍሩ፤ የወረቀት ዋጋ ሲጨምር ቀድሞ የሚጠየቀው አሳታሚው ነውና። ወረቀቱን ነጭ ሳይሆን ክሬም ያድርጉት፤ ሽፋኑን ከማሠራትዎ በፊትም ከወመዘክር የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ይውሰዱ።

የውሉን ረቂቅ ሲያገኙ ከመፈረምዎ በፊት እዚሁ ቢያስቀምጡት፣ ስለ ፊደል የሚናገረውን አንቀጽ አብረን እናየዋለን።