በካርድ ክፍል የተደጋገመ የታካሚ ቁጥርን ስለ ማጣራት

ጥያቄው የመጣው ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ከምትሠራ እህት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦ «የካርድ መዝገቡን ከወረቀት ወደ ኤክሴል አስገብተን ጨርሰናል። አሁን ግን አንዱ ሰው ሁለትም ሦስትም ቁጥር ይዞ ይገኛል። ስም ስንፈልግ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። አለቃዬ በስም ደርድሬ የተደጋገመውን እንድሰርዝ ነግረውኛል። እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ እጅሽ ልክ ነው። አትሰርዢ። ኤክሴል ላይ «ሪሙቭ ዱፕሊኬትስ» የሚለውን ቁልፍ በስም ዓምድ ላይ ከተጫንሽው የመጀመሪያውን መስመር አስቀርቶ የቀሩትን ያጠፋል፤ የትኛው የማን እንደሆነ አይጠይቅሽም። ሥራው በዚያ መንገድ ባይሆንም በሌላ መንገድ ይሠራል፤ አብሽሪ።

መጀመሪያ አደጋውን እንለይ። አንዱ ስህተት አንድ ሰው በሁለት ቁጥር መቀመጡ ነው። ፔኒሲሊን እንደማይስማማት በፊተኛው ካርዷ የተጻፈላት ሴት በኋለኛው ካርድ ስትቀርብ ሐኪሙ የሚያየው ባዶ ወረቀት ነው። ለዓመታት የደም ግፊት መድኃኒት ሲወስድ የኖረ ሰውም ዛሬ «አዲስ» ተብሎ ይመዘገብና በዲኤችአይኤስ2 (የጤና ተቋማት ሪፖርት በሚላክበት የኮምፒውተር ሥርዓት) ሪፖርት ላይ ሁለት ጊዜ አዲስ ሆኖ ይቆጠራል። ሌላው ስህተት ሁለት ሰዎችን በአንድ ቁጥር መደባለቅ ነው፤ እሱ የባሰ ነው። ባዶ ካርድ የገጠመው ሐኪም ይጠይቃል፣ የሌላ ሰው ታሪክ የሞላበት ካርድ የገጠመው ግን ያነበበውን ያምናል። መለየቱም ከባድ ነው። ወረቀቶቹ አንዴ ከተቀላቀሉና ቁጥሩ ከተለወጠ በኋላ የትኛው የደም ምርመራ የማን እንደነበር ማወቂያ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የተጠራጠርሽውን ለያይተሽ ተዪው። ነገ ማስረጃ ሲገኝ መቀላቀል ትችያለሽ።

በእኛ ወሎ ደግሞ በስም ብቻ መፍረድ ጭራሽ አይሆንም። መሐመድ አሊ፣ ሰይድ አህመድ፣ ፋጡማ ይማም የሚባሉ ሰዎች በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስንት እንደሆኑ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጉዳዩ በምርምርም የተሠራበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ሃልበርት ደን የሚባል አሜሪካዊ የጤና ስታቲስቲክስ ባለሙያ የአንድን ሰው መዝገቦች ስለ ማገናኘት ጻፈ፤ በ1969 ደግሞ ካናዳ ውስጥ ኢቫን ፌሌጊና አለን ሰንተር ስሌቱን አበጁለት። የእነሱ ሐሳብ ለካርድ ክፍል በቀጥታ ይሠራል። እያንዳንዱ መረጃ ሲገጥም ወይም ሳይገጥም የራሱ ክብደት አለው፤ ክብደቱም እኩል አይደለም። ወሎ ውስጥ መሐመድ ከመሐመድ ጋር ቢገጥም የሚነግርሽ ጥቂት ነው። እምብዛም የማይሰማ የአያት ስም ቢገጥም ግን ብዙ ይነግርሻል። በመጨረሻም የሚነጻጸሩት ጥንድ መዝገቦች ሦስት ቦታ ይከፈላሉ፦ አንድ ሰው መሆኑ የታወቀ፣ ሁለት ሰው መሆኑ የታወቀ፣ እና ሰው ካርዱን አውጥቶ ሊያየው የሚገባ። የአንቺ ድካም ያለው በሦስተኛው ላይ ነው።

አሁን ወደ ፋይሉ። ኮፒ አድርጊና በኮፒው ላይ ሥሪ። ታካሚው ያስመዘገበውን ስም እንዳለ ተዪው፤ ከጎኑ «መፈለጊያ ስም» የሚል አዲስ ዓምድ ክፈቺ። ስሙ አንዳንዴ የሚመጣው አንዳንዴ የሚጠፋው ለኮምፒውተሩ «ሰ» እና «ሠ» ሁለት የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ ነው፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኮድ አላቸው። አንዷ ጸሐፊ «ሰይድ»፣ ሌላዋ «ሠይድ» ካለች ፍለጋው አያገናኛቸውም። ስለዚህ በአዲሱ ዓምድ ላይ ብቻ «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ሐ»ንና «ኀ»ን ወደ «ሀ»፣ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ» ለውጪ፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱንም። «ሃ» ወደ «ሀ»፣ «ኣ» ወደ «አ» ይግቡ። በመቀጠል ድርብ ክፍት ቦታዎችንና ከስሙ መጨረሻ የተንጠለጠሉትን አጥፊ፤ ዓይን አያያቸውም፣ ፍለጋን ግን ያበላሻሉ።

የተቆራረጡ ስሞች ትዕግሥት ይፈልጋሉ። «ገ/ክርስቶስ»፣ «ገብረክርስቶስ» እና «ገብረ ክርስቶስ» አንድ መልክ ይያዙ። «ወ/» ሲገጥምሽ ግን ቆም በይ፤ ወልደም ወለተም ሊሆን ይችላል። ጾታውን ሳታዪ አትዘርጊው፤ የአባት ወይም የአያት ስም ከሆነ ደግሞ የታካሚዋ ጾታ አይመለከተውም። ሼህ፣ ሐጂ፣ ቄስ፣ ወ/ሮ የሚሉት የስም አካል ስላልሆኑ ለብቻቸው ዓምድ ይሠራላቸው።

አናባቢውን በሙሉ አውጥተሽ ሁሉንም ፊደል ወደ ሳድስ እንድትለውጪ የሚመክርሽ ሰው ይኖራል። ይጠቅማል፦ መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሐመድ ሦስቱም «ምህምድ» ይሆናሉ። ነገር ግን ማህሙድም «ምህምድ» ነው። ሐሰንና ሑሴንም ሁለቱ «ህስን» ይሆናሉ፤ እዚህ ላይ ነው አደጋው። መንታ ሲወለድ ሐሰንና ሑሴን ማለት በአገራችን የተለመደ ነው። አባታቸው፣ አያታቸው፣ እናታቸው፣ የተወለዱበት ቀን፣ ቀበሌያቸው፣ የቤተሰባቸው ስልክ፣ ሁሉም አንድ ነው። የሚለያቸው ያ ያወጣሽው አናባቢ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ሰይድና ሰኢድ፣ ይማምና ኢማም በዚህ ዘዴ አይገናኙም፤ ለእነሱ የሚመሳሰሉ ስሞችን ዝርዝር በእጅሽ አዘጋጂ። የሳድሱ ዓምድ ሊመሳሰሉ የሚችሉትን ለመጠቆም ይሁን፤ ለመፍረድ አይሁን።

ዕድሜ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መዝገቡ ላይ «25» ተብሎ በ2012 ዓ.ም. የተጻፈ ሰው ዛሬም 25 ሆኖ ይታያል። ካርዱ ከወጣበት ዓመት ላይ ዕድሜውን ቀንሰሽ ግምታዊ የትውልድ ዓመት የሚል ዓምድ ሥሪ፤ የሚነጻጸረው እሱ ነው። ትልልቅ ሰዎች ዕድሜያቸውን በአምስትና በአሥር ስለሚያጠጋጉ በሁለት መዝገቦች መካከል የተወሰነ ዓመት ቢለያይ አይድነቅሽ። ልዩነቱ በትክክል ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሆኖ ሲደጋገም ግን አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር እንደገባ ጠርጥሪ።

የጤና መድን ደብተር ቁጥር በጣም ያሳስታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነት በቤተሰብ ነው፤ በዚያ ቁጥር ብታዛምጂ ባልና ሚስትን፣ እናትና ልጅን አንድ ታደርጊያለሽ። ስልክም የጎረቤት ወይም የልጅ ሊሆን ይችላል። አድራሻ ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ ደካማ ማስረጃ ነው፤ ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ የመጡ ወጣቶች ቤት ቶሎ ቶሎ ይቀይራሉ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማምነው የእናት ስምን ነው። በአገራችን ሴት ስታገባ ስሟ ስለማይቀየር የእናት ስም ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። ቅጻችሁ ላይ ቦታ ከሌለው አለቃሽን ጠይቀሽ አስጨምሪ። የፋይዳ ቁጥር ያለው ሰውም ያስመዝግብ፣ ስለሌለው ግን ካርድ የሚከለከል ሰው እንዳይኖር።

ከስም ውጭ ትልቅ ፍንጭ የሚሰጡት የጉብኝት ቀኖች ናቸው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በደሴና በኮምቦልቻ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ የወረቀት መዝገብም አብሮ ተጎድቷል። ከዚያ ወዲህ ካርዱ ያልተገኘለት ሰው አዲስ ቁጥር የሚያወጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። ስለዚህ የአንዱ ካርድ የመጨረሻ ጉብኝት ከ2014 በፊት ሆኖ የሌላው የመጀመሪያ ጉብኝት ከዚያ በኋላ ከሆነ ያንን ጥንድ አስቀድመሽ ተመልከቺ። በተቃራኒው አንዱ ካርድ የእርግዝና ክትትል ላይ እያለ ሌላው በዚያው ሳምንት የቤተሰብ ዕቅድ መርፌ ካሳየ፣ ወይም የደም ዓይነታቸው ከተለያየ፣ ስማቸው ቢገጥምም ሁለት ሴቶች ናቸው ብለሽ ያዢ።

የሦስት ትውልድ ስም፣ ጾታና ግምታዊ የትውልድ ዓመት ገጥመው፣ በላዩ የእናት ስም ከገጠመ ሁለቱንም ካርድ ከመደርደሪያ አውርደሽ ከክሊኒክ ባልደረባ ጋር አንብቢያቸው። አሁንም ካልተረጋገጠ በሁለቱም ላይ ምልክት አድርገሽ ታካሚው እስኪመጣ ጠብቂ። ከራሱ የተሻለ መስካሪ የለም።

ስትቀላቅዪ መጀመሪያ የወጣው ቁጥር ጸንቶ ይቆይ፤ የኋለኛው ይተው። ወረቀቶቹ በቀን ቅደም ተከተል ይግቡ፤ በተዛወረው ወረቀት ሁሉ ላይ የሚተወው ቁጥር በአንድ መስመር ብቻ ተሰርዞ እንዲነበብ ሆኖ ይቆይ። በወጣው ካርድ ቦታ መደርደሪያው ላይ «ወደዚህ ቁጥር ተዛውሯል» የሚል ካርድ ይቀመጥ፤ የላቦራቶሪ ውጤት በተተወው ቁጥር መምጣቱ አይቀርም። የተተወውን ቁጥር ለሌላ ሰው ፈጽሞ አትስጪ። ማን ከማን ጋር፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ፣ በማን ፊርማ እንደተቀላቀለ የሚጻፍበት ደብተር ክፈቺ። ይህን ሥራ የሪፖርት ወሩ በ20 ቀን ተዘግቶ ሪፖርቱ ካለፈ በኋላ ጀምሪ እንጂ በሪፖርት ቀናት አትንኪው። የኤችአይቪና የቲቢ ክፍሎች የራሳቸው መዝገብና ቁጥር ስላላቸው የክፍሉ ኃላፊ ሳያውቅ ምንም አይዛወር።

መስኮቱ ላይ ደግሞ «ሰይድ አሊ ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ በወረፋ ጫጫታ ውስጥ ያለ ሰው «አዎ» ይላል። «ስምህን፣ የአባትህን፣ የአያትህን ንገረኝ» በሉት። የቀጠሮ ካርድ ጠፋብኝ ላለ ሰው መጀመሪያ ይፈለግለት እንጂ ወዲያው አዲስ ቁጥር አይሰጠው። ሰው በቤት ስምም፣ በክርስትና ስምም ስለሚመጣ «ሌላ ስም» የሚል ዓምድ ይኑራችሁ። «የፋጡማ ልጅ» ተብሎ ከማዋለጃ የወጣ ሕፃን በሰባተኛው ቀን ወይም በክርስትናው ስም ይወጣለትና ለክትባት ሲመጣ አዲስ ካርድ ይወጣለታል፤ ይልቅ የእናቱን ቁጥር በልጁ ካርድ ላይ ጻፉና ስሙ ሲመጣ በዚያው ላይ ጨምሩ።

ለአለቃሽ ይህን ጽሑፍ አሳዪያቸው፤ ከስም ዝርዝሩ ጥቂት ጥንዶችን መርጠሽ ካርዶቹን አብራችሁ ብታነቡ ነገሩ ወዲያው ይገባቸዋል። ፋይሉን ግን ለእኔም ሆነ ለሌላ ሰው በቴሌግራም አትላኪ፣ በፍላሽም ወደ ቤት አትውሰጂ። የሚያዳግትሽ ጥንድ ካለ ስሙን ሳትጠቅሺ ምን እንደገጠመና ምን እንዳልገጠመ ብቻ ጻፊልኝ።