ከኤም ኤስ ድካም ጋር ስለ መኖር፦ ለጥያቄዎቻችሁ የተሰጡ መልሶች

መልቲፕል ስክለሮሲስ (በአጭሩ ኤም ኤስ) የተባለው የነርቭ በሽታ እንዳለብኝ ከታወቀ 12 ዓመት የሆነኝ፣ ደሴ የምኖር ጡረተኛ መምህርት ነኝ። ሐኪም ስላልሆንሁ መድኃኒት አላዝዝም፤ ከበሽታው ጋር እየኖርሁና እያነበብሁ ያወቅሁትን ግን አልሰስትም።

ከደሴ፦ እትዬ፣ ጠዋት ስነሳ ሌሊቱን ሙሉ ድንጋይ ስሸከም ያደርሁ ይመስለኛል። ባለቤቴ ስንፍና ነው ይለኛል። ምን ልበለው?

እህቴ፣ ስንፍና አይደለም። በዚህ በሽታ ሰውነትን ሊጠብቅ የተፈጠረው የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ፣ በአንጎል፣ በሕብለ ሰረሰርና በዓይን ነርቭ ውስጥ ያሉትን የነርቭ ክሮች የሚሸፍነውን ማየሊን የተባለ ቅባታማ ልባስ ያጠቃል። በነርቩ የሚሄደው መልእክት ስለሚዘገይ ወይም ስለሚቋረጥ፣ ሌላው ሰው ሳያስበው የሚሠራውን ሥራ አንቺ በብዙ ድካም ትሠሪዋለሽ። ባለቤትሽን በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘሽው ሂጂ፤ የእኔም ቤተሰብ ያመነው ከሐኪሙ አፍ ሲሰማ ነው። ይሁን እንጂ ድካምን ሁሉ በኤም ኤስ አታሳቢ። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ድባቴ፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ መነሳትም ያደክማሉ፤ እነዚህ ደግሞ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። ለረጅም ጊዜ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የምትርቂ ከሆነ የቫይታሚን ቢ12 ምርመራም ጠይቂ።

ከባቲ፦ ነጋዴ ነኝ። ሰኞ ገበያ ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ዓይኔ ይደበዝዛል፣ እግሬም ይተሳሰራል። በሽታው እየከፋ ነው ማለት ነው?

ወንድሜ፣ ጥላ ሥር አረፍ ብለው ሲቀዘቅዙ የሚመለስልዎ ከሆነ፣ የከፋው በሽታው ሳይሆን ሙቀቱ ነው። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1890 ሕመምተኞቹ ሰውነታቸውን ሲያደክሙ እይታቸው ለጊዜው እንደሚደበዝዝ ጽፎ ነበር፤ ዋናው ምክንያት የሰውነት ሙቀት መጨመር መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው። የተጎዳ ነርቭ የግማሽ ዲግሪ ጭማሪ እንኳ ሊከብደው ይችላል። እንዲያውም በአንድ ወቅት ሐኪሞች በሽታውን ለመለየት ሰውን ሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከሩ ምልክቱ ይብስ እንደሆነ ያዩ ነበር፤ ስለዚህ ፍል ውሃ ያድንሃል የሚልዎ ቢመጣ አመስግነው ይለፉት። ከባዱን ሥራ በማለዳ ይጨርሱ፣ ከረፋዱ በኋላ ረጥቦ የተጨመቀ ጨርቅ አንገትዎ ላይ ያድርጉ፣ ውሃ ከእጅዎ አይለይ። እኔን የደሴው የጦሳ ተራራ ብርድ ይጠብቀኛል፤ እርስዎ ግን ቆላ ላይ ነዎትና ጥንቃቄው ይብስብዎታል።

አዲስ ምልክት ትኩሳት ሳይኖር ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ትኩሳት ካለ ደግሞ አስቀድመው ወባና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይመርመሩ፤ ትኩሳቱ ሲታከም የነርቩ ምልክትም ብዙ ጊዜ አብሮ ይረግባል።

ከኮምቦልቻ፦ እንጀራ ጋግሬ፣ ለእንግዳ ቡና አፍልቼ ስጨርስ ለሁለት ቀን አልጋ ላይ እውላለሁ። እንዴት ልቻለው?

እኔ ለመማር ብዙ ዓመት የፈጀብኝ ነገር ይህ ነው፦ የሚታረፈው ከደከሙ በኋላ ሳይሆን ከመድከም በፊት ነው። ደህና በሆንሽበት ቀን የሳምንቱን ሥራ ሁሉ ለመጨረስ አትሞክሪ፤ አልጋ ላይ የሚጥልሽ ያ ቀን ነው። ምጣዱም የከሰል ምድጃውም ሙቀት ስለሆኑ ሁለቱን በአንድ ቀን አታድርጊ። እንጀራውን ገና ሳይነጋ፣ ተቀምጠሽ፣ በር ከፍተሽ ጋግሪ፤ በመካከሉም ሳይደክምሽ ሩብ ሰዓት ጋደም በይ። ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ አንቺው ማፍላት የለብሽም፤ መቁላቱንና መውቀጡን ልጆቹ ቢይዙት እንግዳው አይቀየምም። በተረፈ አልጋ ላይ መዋልን ልማድ ማድረግ ጡንቻን ያሰንፋልና፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ በየቀኑ ጥቂት መራመድና ቀስ በቀስ መጨመር ድካሙን ራሱን ይቀንሰዋል።

ከሐርቡ፦ ጫት ስቅም እበረታለሁ። ለድካሙ መድኃኒት ይሆነኛል?

አይሆንም። ጫት የነገን ጉልበት ዛሬ መበደር ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ ስለሚነሳ ዕዳው በማግስቱ ይከፈላል። አብሮት የሚጨሰው ሲጋራማ በሽታውን እንደሚያባብስ የታወቀ ነው። ለድካም ሲታዘዙ የኖሩት አማንታዲን፣ ሞዳፊኒልና ሜቲልፌኒዴት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት በጥቅሉ ሲታዩ መድኃኒት ከሌለበት ባዶ እንክብል የተሻለ ውጤት አላሳዩም።

ከወልድያ፦ ወደ ልጆቼ ይተላለፋል?

ተላላፊ አይደለም። በቤተሰብ የመታየት ዕድሉ ከሌላው ሰው ትንሽ ከፍ ቢልም፣ ከኤም ኤስ ሕመምተኛ የሚወለዱ አብዛኞቹ ልጆች አይያዙም።

ከደሴ፦ ረመዳንን ልጹም?

የመድኃኒትዎን ሰዓትና የበሽታዎን ሁኔታ የሚያውቀው ሐኪምዎ ስለሆነ አስቀድመው እሱን ይጠይቁ፤ ከዚያም የነገረዎን ይዘው ሸኽዎን ያማክሩ። ቁርኣን ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲከፍል ፈቅዷልና፣ በዚህ ቢያፈጥሩ የሚያፍሩበት ነገር የለም።