የቤት ሰርቨር አፕሊኬሽኖችን ስለ መጫንና ስለ ማዘመን፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ዶከርንና (አፕሊኬሽንን «ኮንቴይነር» በሚባል ገለልተኛ ክፍል ውስጥ የሚያስነሣውን ሶፍትዌር) ኮምፖዝን (ኮንቴይነሮችን በአንድ ፋይል የሚያስተዳድረውን መሣሪያ) ታውቃላችሁ በሚል ግምት እመልሳለሁ። ጠያቂ ሁሉ የአፕሊኬሽኑን ስም፣ የቨርዥኑን ቁጥርና ሎጉ (የአፕሊኬሽኑ የሥራ መዝገብ) ላይ የወጣውን መልእክት አብሮ ይጻፍ።

ጀማሪው፦ በኮምፖዝ ፋይሌ ውስጥ ያሉት ኢሜጆች (ኮንቴይነሮች የሚነሡባቸው ጥቅሎች) በሙሉ «ላቴስት» የሚል ታግ (የቨርዥን መለያ) አላቸው። እስካሁን ችግር አልገጠመኝም። ልተወው?

መላሽ፦ አይተዉት። «ላቴስት» ታግ ሳይጻፍ ሲቀር ዶከር በራሱ የሚወስደው ስም ነው እንጂ ስለ ቨርዥኑ የሚሰጠው ዋስትና የለም፤ አዘጋጆቹ ወደ ፈለጉት ቨርዥን ሊያዞሩት ይችላሉ። ዛሬ የሚሠራው ፋይል ከወራት በኋላ በሌላ ማሽን ላይ ሲነሣ ሌላ ሶፍትዌር ሊያወርድ ይችላል፤ ችግር ሲፈጠርም ከየትኛው ወደ የትኛው እንደ ተሻገሩ ለማወቅ ይቸገራሉ። ቁጥሩን በግልጽ ይጻፉ፣ ሲያዘምኑም በእጅዎ ይቀይሩት።

ሻማ፦ የፖስትግሬስን (የዳታቤዝ ሶፍትዌር ነው) ታግ ከ16 ወደ 17 ቀይሬ ባስነሣው ዳታቤዙ አልነሣ አለ፤ ሎጉ የዳታቤዝ ፋይሎቹ ከሰርቨሩ ጋር አይጣጣሙም ይላል። መረጃዬ ጠፍቶ ይሆን?

መላሽ፦ አልጠፋም፤ ጥያቄም እንዲህ ተሟልቶ ሲቀርብ ደስ ይላል። ታጉን ወደ 16 ይመልሱት፣ ይነሣል። ፖስትግሬስ መረጃውን በዲስክ ላይ የሚያስቀምጥበት አሠራር በየዋናው ቨርዥን ሊለወጥ ስለሚችል፣ ሰርቨሩ ሲነሣ በመረጃው ፎልደር ውስጥ የተጻፈውን የቨርዥን ቁጥር ያነብባል፣ ከራሱ ጋር ካልገጠመም ፋይሎቹን ሳይነካ ይቆማል። ትክክለኛው አካሄድ በ16 ላይ ሳሉ ሙሉውን ዳታቤዝ በፖስትግሬስ የራሱ ትእዛዝ በ«ፒጂ ዳምፕ ኦል» ወደ ፋይል ማውጣት፣ ለ17 ባዶ ቮልዩም (ዶከር የኮንቴይነርን መረጃ የሚያስቀምጥበት ቦታ) ማዘጋጀት፣ ከዚያም ፋይሉን እዚያ መጫን ነው። አዲሱ በትክክል መሥራቱን እስኪያረጋግጡ ድረስ አሮጌውን ቮልዩም እንዳይሰርዙት። ከ17.1 ወደ 17.2 እንደ መሻገር ያለው ትንሽ ለውጥ ግን ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ወደ 18 የምትሻገሩ ደግሞ ልብ በሉ፦ በይፋዊው ኢሜጅ ቮልዩሙ የሚያያዝበት ዱካ ተለውጧል፤ በመጨረሻ የነበረው «ዳታ» የሚለው ፎልደር ቀርቶ ከእርሱ በላይ ባለው ፎልደር ላይ ነው የሚያያዘው። እያንዳንዱ ዋና ቨርዥን ለ5 ዓመት ድጋፍ ስላለው የሚያጣድፍ ነገር የለም።

ዋርካ፦ ማዘመኑ ካልተሳካ የቀድሞውን ታግ መመለስ ብቻ ይበቃል ማለት ነው?

መላሽ፦ አይበቃም። ለሻማ የበቃው ፖስትግሬስ ፋይሎቹን ስላልነካቸው ነው። ብዙ አፕሊኬሽኖች አዲሱ ቨርዥን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ የዳታቤዙን ሠንጠረዦች በራሳቸው ይቀይራሉ፤ ዓምድ ይጨምራሉ፣ የነበረውንም ይሰርዛሉ። ታጉን ሲመልሱ ኮዱ ይመለሳል፣ ዳታቤዙ ግን እንደ ተለወጠ ይቀራል፤ አሮጌው ኮድም የማያውቀውን ሠንጠረዥ ሲያገኝ ወይ አልነሣም ይላል፣ ወይም ከዚህ በከፋ ሁኔታ ተነሥቶ የተሳሳተ ነገር መጻፍ ይጀምራል። ስለዚህ መመለሻው የቀድሞው ታግና ያ ታግ ሲሠራበት ሳለ የተወሰደው ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) አንድ ላይ ናቸው። ከማዘመን በፊት ባክአፕ ይውሰዱ።

ንስር፦ እኔ ሁሉም ኮንቴይነሮች ሌሊት በራሳቸው እንዲዘመኑ አድርጌያለሁ። የደኅንነት ቀዳዳ ሳይደፈን ለሳምንታት ከሚቆይ አልፎ አልፎ አንድ ነገር ቢበላሽ ይሻላል።

ዋርካ፦ ወንድሜ፣ የሚበላሸው የፎቶ ማስቀመጫዎ ሲሆን እንዲህ አይሉም። የፎቶ ማስቀመጫው አፕሊኬሽን ኢሚች 2.0 ከመውጣቱ በፊት ቅንብር የሚያስቀይሩ ለውጦችን ደጋግሞ ያመጣ እንደ ነበር ረሱት?

ንስር፦ አልረሳሁም። ለዚህም ነው ወደ ኩበርኔትስ (ኮንቴይነሮችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስተዳድር ሥርዓት) ለመዛወር የማስበው፤ ኮምፖዝ ለከባድ ሥራ አልተሠራም።

ሰሌን፦ ለአንድ ማሽን ኩበርኔትስ? ዳታቤዙን የሚቀይረው አፕሊኬሽኑ ራሱ ከሆነ በየትኛውም ላይ ቢያስነሡት ያው ነው።

መላሽ፦ ሰሌን ትክክል ናቸው፤ የኩበርኔትሱ ክርክር እዚህ ላይ ይብቃ። የራሳቸው መረጃ የሌላቸው ኮንቴይነሮች በየትንሽ ቨርዥኑ በራሳቸው ቢዘመኑ አልቃወምም። ዳታቤዝ ላላቸው ግን መሣሪያው አዲስ ቨርዥን መውጣቱን ያሳውቅ፣ ለውጡን የሚያነብበውና የሚወስነው ሰው ይሁን። የደኅንነቱ ሥጋት ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሰርቨሩ ለኢንተርኔት ሳይጋለጥ በዋይርጋርድ (በተመሰጠረ የግል መስመር፣ ቪፒኤን) ብቻ የሚደረስበት ከሆነ የጥቂት ቀናት መዘግየት ያን ያህል አያስፈራም።

እንግዳ፦ ካዘመንኩት ወዲህ አይሠራም። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ የትኛው? ከስንት ወደ ስንት? ሎጉስ ምን ይላል? የመጀመሪያውን መልእክቴን ያንብቡ።

ሰሌን፦ ኔክስትክላውድን (የፋይል ማከማቻ አፕሊኬሽን) ከ28 በቀጥታ ወደ 31 ማሻገር ይቻላል?

መላሽ፦ አይቻልም። 29፣ ከዚያ 30፣ ከዚያ 31። ከእያንዳንዱ በፊት ባክአፕ።

ሻማ፦ በዩኤፍደብሊው (የሊኑክስ ፋየርዎል ማስተዳደሪያ) የዘጋሁት ፖርት ከሌላ ማሽን ስሞክረው ክፍት ነው።

መላሽ፦ ዶከር ፖርት ሲያወጣ ደንቡን በቀጥታ በአይፒቴብልስ (በሊኑክስ የኔትወርክ ደንቦች) ውስጥ ስለሚጽፍ የዩኤፍደብሊው ክልከላ አይደርስበትም። በኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ከፖርቱ ፊት 127.0.0.1 (ማሽኑ ራሱን ብቻ የሚያገኝበት አድራሻ) ይጻፉ። የዳታቤዝን ፖርት ግን ጨርሶ አያውጡ፤ ኮንቴይነሮቹ በአንድ የኮምፖዝ ኔትወርክ ውስጥ ካሉ በስማቸው ይገናኛሉ።

ጀማሪው፦ ባክአፕ የምወስደው ኮንቴይነሩ እየሠራ ሳለ ፎልደሩን በመቅዳት ነው። ዳታቤዙ ኤስኪውላይት (ያለ ሰርቨር መረጃውን በተራ ፋይል የሚይዝ) ነው።

መላሽ፦ ይህን ስለ ጠየቁ አመሰግናለሁ፤ ባክአፕ አለኝ የሚሉ ብዙዎች ያላቸው ይኼው ነውና። ኤስኪውላይት «ዋል» በተባለው አሠራር ሲሠራ አዳዲስ ለውጦች መጀመሪያ የሚጻፉት ከዋናው ፋይል ጎን ባለ ሌላ ፋይል ላይ ነው። በጽሑፍ መካከል አንዱን ከሌላው ቀድመው ከገለበጡ የማይገጣጠሙ ሁለት ፋይሎች ይይዛሉ፤ ይህም የሚታወቀው በመመለሻው ቀን ነው። ወይ ኮንቴይነሩን አቁመው ይቅዱ፣ ወይም የኤስኪውላይትን የራሱን የባክአፕ ትእዛዝ ይጠቀሙ። ከዚያ ቅጂውን በሌላ ፎልደር ላይ መልሰው በማስነሣት ይፈትኑት።

ዋርካ፦ የትኛውን ሚኒ ኮምፒውተር ይመክሩናል?

መላሽ፦ ይህ የእኔ ዘርፍ አይደለም።

እንግዳ፦ «ላቴስት»ን ለጊዜው ብጠቀምስ?

መላሽ፦ መልሻለሁ። ከላይ ይመልከቱ።

ሰሌን፦ ኮንቴይነሮቹን አቁሞ የሚያስወግደው የኮምፖዝ ትእዛዝ «ዳውን» ሲባል ቮልዩሞቹ ይሰረዛሉ?

መላሽ፦ ስም የተሰጣቸው አይሰረዙም። ከበስተኋላው «ቪ» ከተጨመረበት ግን በኮምፖዝ ፋይሉ የተገለጹት ሁሉ ሳይጠይቅ ይሰረዛሉ። የሚጠይቁኝ ትእዛዙን ከሰጡ በኋላ ነው ወይስ በፊት?

ሰሌን፦ በፊት።

መላሽ፦ እንግዲያው «ቪ»ዋን ያውጧት።