ከፖላንድ ቤተሰብ ጋር መዛመድ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ፖላንዳዊ እጮኛ ወይም አማች ካላቸው አንባቢዎች የመጡት ጥያቄዎች በርከት ስላሉ የዛሬውን ዓምድ ለእነሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ፍቅረኛዬ ዲሴምበር 24 ማታ ወላጆቹ ቤት ራት ጋብዞኛል። እኔ ግን የገናን ጾም እጾማለሁ። ብቀር ይሻላል? (ከበርሊን)

መልስ፦ አትቅሪ እህቴ። ይህ ራት ቪጊሊያ ይባላል። ለፖላንድ ቤተሰብ ከዓመቱ ምሽቶች ሁሉ ትልቁ ነው። ልጁ እዚያ ገበታ ላይ ካስቀመጠሽ ነገሩ የምር ነው ማለት ነው፤ እናቱም እንደዚያ ነው የሚረዱት። በልማዱ ሥጋ አይቀርብም። ዓሣ፣ ቅቤና ክሬም ግን አለ። ስለዚህ ምን እንደማትበዪ አስቀድሞ ለእናቱ ይንገራቸው። የቀይ ሥር ሾርባውና ጎመንና እንጉዳይ የተሞላው ፒዬሮጊ የሚባለው የተቀቀለ ሊጥ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ሊሠሩ ይችላሉ። ከምግቡ በፊት ኦፕዋቴክ የሚባል ስስ ቂጣ ይዘው አንዱ ከሌላው እየቆረሰ ይመራረቃሉ። ቅዱስ ቁርባን አይደለም፤ አትስጊ። አበባ ከወሰድሽ ቁጥሩ ጎደሎ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከፍቅረኛዬ ጋር አብረን መኖር ጀምረናል። አያቷ ሰምተው አኩርፈዋል። (ከማንቸስተር)

መልስ፦ በዋርሶ ወጣቶች ሳይጋቡ አብረው ቢኖሩ ዛሬ ብዙም አያስገርምም። ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ የገጠር አያት ግን ኃጢአት ነው ይላሉ። አትከራከራቸው። ሄደህ ጠይቃቸው፤ ካልፈቀዱልህ በስተቀር በአንቱታ አናግራቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እሷ ካቶሊክ። ቤተሰቧ የቤተ ክርስቲያን ሠርግ ካልሆነ አይሆንም ይላል። ይቻላል? (ከዋርሶ)

መልስ፦ በካቶሊክ በኩል ይቻላል። የተጠመቅህ ክርስቲያን ስለሆንክ ሃይማኖትህን ቀይር አትባልም፤ የጳጳሱ ፈቃድ ግን ያስፈልጋል። ከባዱ ነገር ሌላ ነው። እሷ ልጆቻችሁ በካቶሊክ እንዲጠመቁና እንዲያድጉ የምትችለውን ሁሉ እንደምታደርግ ቃል ትገባለች። አንተ ቃል አትገባም፤ ቃሏን ግን እንድታውቅ ይደረጋል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በተክሊል ወይም በቁርባን ለመጋባት ሁለታችሁም ኦርቶዶክስ መሆን አለባችሁ። ስለዚህ ቀን ከመቁረጥህ በፊት ነፍስ አባትህን አማክር።

ስለ ልጆቹ ክርስትና ዛሬውኑ ተነጋገሩ። «ሲደርስ እናየዋለን» የሚለው መልስ በጣም ያስፈራኛል። ሕፃኑ ሲወለድ ሁለቱም አያቶች የየራሳቸውን የክርስትና ቀን ይዘው ይመጣሉ፤ ያኔ እናንተ መሐል ላይ ትቀራላችሁ። ለአማቶችህ ማስደሰቻ ብለህም የማትፈጽመውን ቃል አትግባ።

ወረቀቱ ቀላል ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1998 ጀምሮ በፖላንድ የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ አስፈላጊው ሰነድ ከተሟላ በመንግሥትም ይጸናል። ከክብር መዝገብ ቢሮው ማስረጃ ታወጣላችሁ፤ የአንተ ሰነዶች በመሐላ ተርጓሚ መተርጎም አለባቸው።

ጥያቄ፦ ልጄን የሚያገባት ፖላንዳዊ ሽማግሌ አልላከም። ንቆን ይሆን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አልናቀም እናቴ። በጥንቱ የፖላንድ ገጠር አማላጅ ቮድካ ይዞ ወደ ልጅቷ ቤት ይሄድ ነበር። ዛሬ ወጣቱ ራሱ ቀለበት አድርጎ ይጠይቃታል፤ ወላጆች ከዚያ በኋላ ይተዋወቃሉ። ሽማግሌ ከፈለጉ ልጅዎ ታስረዳውና ይላክ። አስረድተውት እምቢ ካለ ያኔ ይቀየሙ።

እዚያ ሠርግ ላይ የወላጅ ቦታ ትልቅ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት ሙሽሮቹ በወላጆቻቸው ፊት ተንበርክከው ይመረቃሉ፤ እርስዎም ይመርቃሉ። ወደ ድግሱ ሲገቡ ወላጆች በዳቦና በጨው ይቀበሏቸዋል። ጭፈራው እስከ ንጋት ነው። በማግስቱ እንደኛ መልስ ሌላ ግብዣ ሊኖር ስለሚችል የመመለሻ በረራዎን ለዚያ ቀን አይያዙ።