ባሕር አጠገብ አላደግኩም፣ ረፍዶብኛል?

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነሽ። የሚሸረሸሩ የባሕር ዳርቻዎችን የሚያሳይ ቪዲዮ አይተሽ ልብሽ ወደ ባሕር ዳርቻና ውቅያኖስ ምህንድስና ሄዷል። ከዚያ በሙያው ስማቸው የሚነሳ ሰዎችን ታሪክ ሰብስበሽ ሠንጠረዥ ሠራሽ፤ ውጤቱም አስደነገጠሽ። ሁሉም ፒኤችዲ አላቸው፣ ሁሉም ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው የነበሩት፣ ሁሉም ወንዶች ናቸው፣ ባሕር እያዩ ያደጉም ይመስላሉ። አንቺ ዋና እንኳ አትችይም። «ትምህርት ክፍል ልቀይር ወይስ ነገሩን ልተወው?» ነው ጥያቄሽ። በዚያ ላይ ለቀጣዩ ሴሚስተር ከኦፕን ቻናል ሃይድሮሊክስ (በወንዝና በቦይ የሚፈስ ውሃ ጥናት) እና ከብረት ስትራክቸር ዲዛይን የቱን ልምረጥ ብለሻል።

አትቀይሪ። ነገሩንም አትተዪው። ወደ ኮርሱ በኋላ እንመለሳለን።

ችግሩ ያለው ሠንጠረዥሽ ላይ ነው። የሰዎቹን ታሪክ ያነበብሽው ከሽልማታቸው ተነስተሽ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላቸው የት ነበሩ ብለሽ ብትጠይቂ ኖሮ ሠንጠረዡ ሌላ ይሆን ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ዋልተር ሙንክን ውሰጂ። በ1917 ቪየና ተወለደ። ቤተሰቦቹ የባንክ ሰው እንዲሆን ፈልገው በ14 ዓመቱ ኒው ዮርክ ላኩት። ባንክ ገባ፣ ሠራ፣ ጠላው። ጥሎ ወጥቶ ካልቴክ በተባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተማረ። በ1939 ስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም የክረምት ሥራ የያዘውም፣ ራሱ እየሳቀ ይናገረው እንደነበረው፣ የወደዳት ልጅ ለእረፍት እዚያው ከተማ ስለነበረች ነው። (ይሄ ሲቪ ላይ አይጻፍም።) ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የሰሜን አፍሪካ ዘመቻ ልምምድ ላይ ሞገዱ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ጀልባዎቹ ችግር ውስጥ ሲገቡና ልምምዱ ሲሰረዝ አየ። ወታደሮቹ የሚያርፉበት ጠረፍ ላይ ደግሞ በዚያ ወቅት ሞገዱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ከአስተማሪው ከሃራልድ ስቨርድሩፕ ጋር ሆነው፣ ነፋሱ በምን ፍጥነት፣ ለስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ስፋት ያለው ባሕር ላይ እንደነፈሰ ከማወቅ ተነስተው ሞገዱን የሚተነብዩበት ዘዴ ሠሩ። ያው ዘዴ በ1944 ለኖርማንዲ ዘመቻም አገልግሏል።

ዊላርድ ባስኮም ደግሞ የማዕድን ሰው ነበር። ኮሎራዶ የማዕድን ትምህርት ቤት ገባ፣ ሳይመረቅ ወጣ፣ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ሠራ። በ1945 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሞገድና የባሕር ዳርቻ የሚለካ ቡድን ውስጥ ተቀጠረ። ሥራው ምን መሰለሽ? መኪናም ጀልባም የሆነ የጦር ተሽከርካሪ እየነዱ የሚሰበር ሞገድ መሐል መግባትና ጥልቀት መለካት። እኔ በበኩሌ በሕይወቴ ከሰማኋቸው የጀማሪ ሥራዎች ሁሉ በጣም የምቀናበት ይሄንን ነው። በ1961 ይኸው ሰውዬ የምድርን ቅርፊት በስቶ ለማለፍ የታሰበው የሞሆል ፕሮጀክት መሪ ሆኖ ከሜክሲኮ ወጣ ብሎ፣ ከ3,500 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ውሃ ላይ፣ መልሕቅ ሳይጥል መርከቧን በሞተሮች ብቻ አንድ ቦታ አቁሞ የባሕሩን ወለል አስቆፈረ። ዛሬ ጥልቅ ባሕር ላይ የሚቆፍሩ መርከቦች ቦታቸውን ይዘው የሚቆሙበት ዘዴ ከዚያ ሥራ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

ራልፍ ባግኖልድ የባሰ ነው። የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ መኮንን ነበር፤ አሸዋን ያወቀው በፎርድ መኪና የሊቢያን በረሃ ሲያቋርጥ ነው። ነፋስ አሸዋን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ አጥንቶ በ1941 አሳተመና በኋላ ወደ ውሃው ዞረ፤ የዛሬው የባሕር ዳርቻ አሸዋ ስሌት ውስጥ ስሙ አሁንም አለ። የበረሃ ሰው! አንቺ ባሕር እያየሁ አላደግኩም ብለሽ ትጨነቂያለሽ።

ከሁሉ የምወደው ግን የሎሬንትዝን ታሪክ ነው። ሄንድሪክ ሎሬንትዝ በ1902 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ያ ሎሬንትዝ ነው። በ1918 ኔዘርላንድስ የዙይደርዜን ባሕረ ሰላጤ በግድብ ልትዘጋ ስታስብ አንድ ጥያቄ መጣ፤ ባሕረ ሰላጤው ሲዘጋ ከውጭ ያለው የባሕር ሙላት ምን ያህል ከፍ ይላል? የጥናት ኮሚቴውን እንዲመራ የተጠራው እሱ ነው፣ ወደ 65 ዓመቱ ሲጠጋ። ስሙን ሰጥቶ ስብሰባ መምራት ብቻ ይበቃው ነበር፤ እሱ ግን ቁጭ ብሎ ራሱ አሰላ። ውሃው ከወለሉ ጋር የሚያደርገው ሰበቃ በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ እኩልታው በእጅ አይፈታም ነበር። ሎሬንትዝ በአንድ የሙላትና የጉድለት ዙር ውስጥ ያንኑ ያህል ኃይል የሚያባክን ቀለል ያለ ሰበቃ ተካበትና ፈታው። ስምንት ዓመት ፈጀ። ሪፖርቱ በ1926 ወጣ፣ 32 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ግድብ በ1932 ተዘጋ፣ ትንበያውም ከተለካው ጋር በሚገርም ሁኔታ ተቀራረበ። ይህን ሰው ሠንጠረዥሽ ውስጥ የትኛው ዓምድ ላይ ትከቺዋለሽ?

«ሁሉም ወንዶች ናቸው» ላልሽው፣ በአብዛኛው እውነትሽን ነው፤ በሩ ለረጅም ጊዜ ዝግ ነበር። ግን ኸርታ አይርተንን ጨምሪ። የኤሌክትሪክ አርክ (በአየር ውስጥ እያበራ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ፍሰት) ተመራማሪ ነበረች። ባለቤቷ ታሞ ባሕር አጠገብ ሲያገግም ውሃው አሸዋው ላይ የሚተወውን የተሸበሸበ መስመር አየችና ለምን እንዲህ ሆነ ብላ ጠየቀች። ቤቷ ውስጥ በመስታወት ገንዳ ሙከራ ሠርታ በ1904 ለንደን በሚገኘው የሳይንስ ማኅበር በሮያል ሶሳይቲ ፊት ራሷ ጥናቷን አነበበች፤ እዚያ ቆማ የራሷን ጥናት ያነበበች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ያው ማኅበር ባለትዳር ሴት አባል መሆን አትችልም ብሎ መልሷት ነበር።

እነዚህ ሰዎች አንዳቸውም «የባሕር ዳርቻ ምህንድስና» ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ሊኖራቸውም አይችልም ነበር። ሙያው በዚህ ስም መጠራት የለመደው ከ1950 ወዲህ ነው፤ ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች በተደረገው የመጀመሪያው ጉባኤ። ከጀርባው የነበረው ሞሮው ኦብራየን የበርክሌይ ምህንድስና ዲን ነበር፤ ያኔ የጻፈውም ይህ ሙያ አዲስና የተለየ ዘርፍ ሳይሆን በዋናነት የሲቪል ምህንድስና ቅርንጫፍ ነው፣ ግን ከውቅያኖስ ሳይንስ፣ ከሜትሮሎጂና ከፍሉይድ ሜካኒክስ (የፈሳሽና የጋዝ እንቅስቃሴ ጥናት) ብዙ ይበደራል የሚል ነው። እንግዲህ ሲቪል ላይ ነሽ። ከየትኛው ወደ የትኛው ነው የምትቀይሪው?

አሁን ደግሞ የማትወጂውን ልንገርሽ። የባስኮምን ታሪክ ይዘሽ «ዲግሪ አያስፈልግም» እንዳትይኝ። ለእሱና ለሙንክ በሩን የከፈተላቸው ጦርነት ነው፤ የሚለካ ሰው ጠፍቶ ትንሽ የሚሞክር ሁሉ ይገባ ነበር። ዛሬ እንደዚያ አይደለም። አማካሪ ድርጅቶችና የምርምር ተቋማት በአብዛኛው ማስተርስ ይጠይቃሉ፤ ምርምር ከሆነ ፒኤችዲ ነው። ስለዚህ ለአንቺ መንገድ የሚቀርቡት ፀጥ ያሉት ሰዎች ናቸው። ዮሺሚ ጎዳን አንብቢ። ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ተምሮ በ1957 የጃፓን ትራንስፖርት ሚኒስቴር ገባ፣ የወደብ ምርምር ተቋሙ ውስጥ ሦስት አሥርት ዓመት ገደማ ሠራ። ለሞገድ መስበሪያ ግንቦች የሠራውን የግፊት ቀመር የፈተነው ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻ አልነበረም። በማዕበል የተንሸራተቱ እውነተኛ ግንቦችንና ሳይንሸራተቱ የቆሙትን ጎን ለጎን አድርጎ አወዳደረ። መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ደመወዝ፣ ፋይል። ጀብዱ የለውም፤ ቀመሩ ግን እስከዛሬ ይሠራበታል። ስፔናዊው ራሞን ኢሪባረንም እንዲሁ ነው። መንገድ ላይ የጀመረ የመንግሥት መሐንዲስ ነበር፤ ወደብ ላይ ተመድቦ በ1938 የሞገድ መስበሪያ ድንጋይ ምን ያህል መክበድ እንዳለበት የሚያሳይ ቀመር አወጣ። ሞገዱ እጥፍ ቢሆን ድንጋዩ ስምንት እጥፍ መክበድ አለበት፤ ክብደቱ በሞገዱ ቁመት ኪዩብ ነው የሚያድገው።

ታዲያ ምን አድርጊ ነው የምልሽ? መለካትና ማስላት ተማሪ። ፍሉይድ ሜካኒክስን በደንብ ያዢ። ስታቲስቲክስን ደግሞ እንደ ተጨማሪ ኮርስ አትዪው፤ ባሕር ላይ ዲዛይን ማለት በሃምሳ ወይም በመቶ ዓመት አንዴ ለሚመጣ ማዕበል መሥራት ነው፣ ያ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የስታቲስቲክስ ጥያቄ ነው። ፓይዘን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ጀምሪ። ከዚያ የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት (ኖአ) በነፃ ከሚለቀው የተንሳፋፊ መለኪያዎች መረጃ የአንዱን ጣቢያ ሃያ ዓመት አውርጂ። እዚያ «ጉልህ የሞገድ ቁመት» የሚባል ቁጥር ታገኛለሽ፤ መነሻው ከሞገዶቹ ከፍተኛው አንድ ሦስተኛ አማካይ ነው፣ ከእነ ሙንክ ዘመን የመጣ ሐሳብ። የሃምሳ ዓመቱን ማዕበል ገምቺና በአራት ገጽ ጻፊው፤ ግምትሽ የት ሊሳሳት እንደሚችልም አብረሽ ጻፊ። ጎበዝ ስትሆኚ የኔዘርላንድሱ ደልፍት ዩኒቨርሲቲ በነፃ የሚሰጠውን ስዋን የተባለ የሞገድ ሞዴል ጫኚ። በእኔ እጅ ብዙ ሲቪ ያልፋል፤ «ለባሕር ከፍተኛ ፍቅር አለኝ» የሚለው ሞልቷል፣ እንዲህ ያለ አራት ገጽ ያያያዘ ግን እምብዛም አላይም።

ዋና አለመቻልሽ አያስጨንቅሽ። አብዛኛው ሥራ ኮምፒውተር ፊት ነው። ባሕር ላይ የሚያስወጣ ሥራ ከሆነ ቀጣሪው ከመውጣትሽ በፊት የደኅንነት ስልጠና ይሰጥሻል። ቀስ ብለሽ ብትለምጂ ግን አይጎዳሽም።

ኮርሱን በተመለከተ፣ ልብሽ ያለው የነዳጅ መድረክ ወይም ባሕር ላይ የሚተከል የንፋስ ተርባይን ላይ ቢሆን ኖሮ ብረቱን ውሰጂ እልሽ ነበር። አንቺ ግን የጻፍሽልኝ ስለሚሸረሸር አሸዋ ነው። ኦፕን ቻናል ሃይድሮሊክስ ውሰጂ፤ አስተማሪው ከባድ ነው የሚባለውን ወሬ አትስሚ። ምዝገባው አርብ ያበቃል ብለሻል፣ ዛሬ ሂጂ።