የሁለት ኤፒአይ ምላሾችን ወደ አንድ ሞዴል ስለማምጣት

ጥያቄ፦ ለአየር ሁኔታ መተግበሪያዬ መረጃ የምወስደው ከኦፕንዌዘርማፕ እና ከኦፕን-ሜቴዎ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት መገናኛ) ነው። የሚልኩት ጄሰን (መረጃ በስምና በዋጋ ጥንድ የሚጻፍበት ቅርጸት) ስለማይመሳሰል ኮዴ «ከዚህ ከመጣ እንዲህ፣ ከዚያ ከመጣ እንዲያ» በሚል ተሞልቷል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ መተግበሪያዎ የሚፈልገውን ብቻ የያዘ የራስዎን ሞዴል (የመረጃ አወቃቀር) ይወስኑ፤ ለምሳሌ ሙቀት በሴልሺየስ፣ የነፋስ ፍጥነት በሜትር በሰከንድ፣ ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ሊሆን ይችላል። ከዚያም ለእያንዳንዱ ምንጭ፣ ጄሰኑን ተቀብሎ ይህንኑ ሞዴል የሚመልስ ፈንክሽን ይጻፉ፤ የቀረው ኮድ መረጃው ከየት እንደመጣ ማወቅ የለበትም።

የስም ልዩነት ቀላሉ ነው፤ የሚያስቸግረው የዋጋው፣ ማለትም የተላከው ቁጥር ወይም ጽሑፍ፣ ትርጉም ነው። ኦፕንዌዘርማፕ መለኪያ ካልመረጡለት ሙቀቱን በኬልቪን ስለሚልክ፣ 293.15 ሲመጣ 273.15 ቀንሰው 20 ያደርጉታል፤ ኦፕን-ሜቴዎ በበኩሉ ሙቀቱን በሴልሺየስ ቢሰጥም ነፋሱን በኪሎ ሜትር በሰዓት ስለሚልክ ለ3.6 ማካፈል ይኖርብዎታል። ሰዓቱንም የመጀመሪያው ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተቆጠረ ሰከንድ፣ ሁለተኛው የሰዓት ቀጠና ምልክት በሌለው ጽሑፍ ይልከዋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ያልመጣን ዋጋ በ0 አይተኩ፤ 0 ዲግሪ እውነተኛ ሙቀት ነውና ባዶውን ባዶ ብለው ይያዙት። ከየምንጩ የመጣ አንድ እውነተኛ ምላሽ በፋይል አስቀምጠው ፈንክሽኖቹን በእሱ ይፈትኑ።